ከችግኙ ጋር የሚተከለው

ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ግርጌ ያለችው ትንሽ ችግኝ ጣቢያ ሰሞኑን ሥራ በዝቶባታል። ለዘንድሮ ተከላ የሚሄደው ይለያል፤ ለመጪው ዓመት የሚሆነው ላስቲክ ይሞላል። አፈር የሚደባልቁት ሴቶች ቀመራቸው አጭር ነው፤ ሦስት እጅ የሠፈር ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የደን አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ። ፍግ ከተገኘ ትንሽ ጣል ይደረግበታል።

የደን አፈሩ ለምን እንደሚገባ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡትን እናት ጠየቅኳቸው።

«ያለሱ ጥዱ አያድግም፣ መምህር። አይሞትም፤ ግን ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል።»

«ፍግ አይተካውም፣ እማማ?»

«ፍግ ለጎመን ነው። ጥድ የሚፈልገው የዘመዶቹን አፈር ነው።»

ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። ይህን ጥያቄ ተማሪ ቢጠይቀኝ ስለ ብስባሽ፣ ስለ አየርና ስለ እርጥበት አወራለት ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ እማማ የተናገሩት ከዚያ ይልቃል። በትልልቅ ዛፎች ስር በተዛቀው አፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተቆራኝተው የሚኖሩ ፈንገሶች፣ ስፖራቸውና የተበጣጠሰ ክራቸው አለ። የጥዱ ፍሬ ባዶ እጁን ነው የሚወድቀው፤ ፈንገሱን ከእናቱ አይወርስም፤ በቅሎ ሥር ሲሰድድ ከአፈሩ ማግኘት አለበት። በደን ውስጥ ይህ ችግር አይደለም። በላስቲክ ውስጥ ግን የሚያገኘው ሰው የጨመረለትን ብቻ ነው።

ሰኔ 17

የጉለሌ አፈር ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው የመንገዱን አስፋልት እንኳ ያቀላዋል። ቀለሙ ከብረት ነው። ይኸው ብረት፣ ከአሉሚኒየም ጋር ሆኖ፣ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ ፎስፈረስ ሞልቶ ተክሉ ሊራብ ይችላል። በዚያ ላይ ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሬት ከውሃ ጋር አይፈስም። ሥር በዙሪያው ያለውን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ጠርጎ ከበላ በኋላ ባዶ ቀበቶ ውስጥ ይቀራል።

ፈንገሱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ክሩ ከሥር ፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ውፍረቱ በሺህኛ ሚሊ ሜትር ይለካል። ሥር ሊገባበት በማይችለው ቀዳዳ ሾልኮ ከባዶው ቀበቶ አልፎ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ያገኘውን ፎስፈረስ፣ ዚንክና ውሃ ወደ ሥሩ ያመጣል። ሌላኛው ጫፉ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እንደ ጥቃቅን ቁጥቋጦ ይበታተናል፤ ልውውጡ የሚፈጸመው በዚያ ነው። ተክሉ በበኩሉ ቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ድርሻ ይሰጣል፤ እስከ 20 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ስብም ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ፈንገስ የራሱን ስብ መሥራት አይችልም። ከሕያው ሥር ውጭ አያድግም፤ ብቻውን ከቀረ በስፖር ይቆያል እንጂ አይራባም።

ከዚህ ውል ጋር የሚቀራረብ ነገር ስፈልግ ትዝ የሚለኝ የእኩል እርሻ ነው። አንዱ መሬት፣ ሌላው በሬና ጉልበት ያቀርብና ምርቱን ይካፈላሉ። ልዩነቱ እዚህ ባላባትና ጭሰኛ የለም። ቶቢ ኪርስ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 በ«ሳይንስ» መጽሔት ባወጣችው ሥራ፣ ተክሉ ብዙ ፎስፈረስ ለሚያመጣለት ፈንገስ ብዙ ስኳር እንደሚሰጥ፣ ፈንገሱም ብዙ ስኳር ለሚሰጠው ሥር ብዙ ፎስፈረስ እንደሚያቀብል አሳይታለች። ሁለቱም ይመዝናሉ። ፍቅር አይደለም፤ ግን ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቷል። ስኮትላንድ ውስጥ በተገኘ ድንጋይ ላይ፣ ገና እውነተኛ ሥር ባልነበራቸው የጥንት ዕፅዋት ግንድ ውስጥ ሳይቀር፣ ይኸው ፈንገስ ከነቁጥቋጦው ተቀርጾ ታይቷል።

ሰኔ 30

ዝናብ። ከቤት አልወጣሁም፤ ያረጁ መጻሕፍት ሳገላብጥ ዋልኩ።

የዚህ የሥርና የፈንገስ ውል ስም አወጣጥ ያስቀኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፕሩሲያ መንግሥት ትሩፍል የሚባለውን ውድ የመሬት ውስጥ እንጉዳይ ማልማት አሰበና አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ አዘዘ። ፍራንክ ትሩፍል ማብቀል አልቻለም። ነገር ግን የዛፎቹን ሥር ሲመረምር አብዛኛው በፈንገስ ተሸፍኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጽፎ አወጣ፤ ጥምረቱንም ማይኮራይዛ አለው። ፈንገሱ ዛፉን አያሳምመውም፣ ይመግበዋል ሲል ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አላመኑትም። ፈንገስ ማለት በሽታ ነበር። እኛም ዘንድ እስከ ዛሬ እንዲያው ነው፤ ፈንገስ ሲባል የሚታሰበው የእግር ጣት ነው ወይ የስንዴ ዋግ።

ሐምሌ 12

ዛሬ እንጦጦ ላይ፣ ፓቱላ የሚባለው ፓይን ከተተከለበት ዳገት ስር፣ የጅብ ጥላ እንደ ጉድ ፈልቷል። ቡናማ፣ ከላይ የሚያሙለጨልጭ፣ ገልብጠው ሲያዩት ከስር እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ። ይህ ስዊለስ ከሚባሉት ወገን ነው፤ የፓይን ዛፍ ሥር ወዳጅ። ከወንዶ ገነት የፓቱላ ተክሎች ስር ታጠቅ ደጀኔ የሚባሉ ተመራማሪና የስፔን ባልደረቦቻቸው መዝግበውታል።

ከዚያ ወርጄ ነባር ጥድና ወይራ ያሉበት ጥግ ገባሁ። እንጉዳይ አለ፤ በወደቀ ግንድና በበሰበሰ ቅጠል ላይ። የሥር ወዳጅ የሆነ ግን አንድም የለም። ይህ የዛሬ አጋጣሚ አይደለም። የአገራችን ደጋ ደኖች ዛፎች፣ ጥዱም፣ ዝግባውም፣ ኮሶውም፣ ጥቁር እንጨቱም፣ የሚወዳጁት ከመሬት በላይ ምንም ከማያወጣው ፈንገስ ጋር ነው። ጥላ አይዘረጋም፣ አይሸትም፣ ስፖሩም እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል። ከሳሃራ በታች ወደ ደቡብ፣ ዛምቢያና ታንዛኒያ ውስጥ ያሉት የሚዮምቦ ደኖች ግን ሌላ ናቸው፤ ከዛፎቻቸው አብዛኞቹ ሥራቸውን በሚሸፍን ፈንገስ ስለሚኖሩ በዝናብ ወቅት ገበያው በእንጉዳይ ይሞላል።

እንግዲህ እንጦጦ ላይ ዓይን የሚያየው የእንግዳውን ዛፍ ወዳጅ ነው። የባለቤቱ ወዳጅ አይታይም። ሰው ደግሞ ለማያየው ነገር በጀት አይመድብም።

የባለቤቱን ወዳጅ ያወቅነው በቅርቡ ነው። ተስፋዬ ውበት፣ ኢንግሪድ ኮትከ፣ ደመል ተከታይና ፍራንትስ ኦበርቪንክለር እ.ኤ.አ. በ2003 የደረቅ ደጋ ደኖቻችንን አገር በቀል ዛፎች ሥር በማይክሮስኮፕ አይተው ጻፉ። በዓመቱ የጥቁር እንጨትን፣ በ2006 ደግሞ የጥድንና የዝግባን ተከታተሉ። የመጨረሻው ሥራ ነው እኔን የሚገርመኝ። ጥድና ዝግባ በአንድ ደን ጎን ለጎን ቆመው፣ በዘረመል ሲመረመር ሥራቸው ውስጥ የሚኖሩት የፈንገስ ማኅበረሰቦች የተለያዩ ሆኑ። የእማማ «የዘመዶቹ አፈር» እዚህ ላይ ሳይንሱን ቀድሞ የተገኘ ይመስለኛል።

ለእንጉዳይ ወዳጆች፦ የእንጦጦን የጅብ ጥላ ባያበስሉት ይሻላል። የሚበላውና የሚገድለው በመልክ ይመሳሰላሉ። ከፋና ሸካ ያሉ ወገኖቻችን ለይተው የሚበሉት ከአያት ከቅድመ አያት በተማሩት ነው።

ሐምሌ 22

ከአምስት ዓመት በፊት በዛሬዋ ቀን ነበር መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ያስታወቀው። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ይተከላል። እኛም ዛሬ ከመምህራኑ ጋር ወጣን። ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል፤ የእኛ ድርሻ ላስቲክ መቅደድ፣ ማስገባትና መርገጥ ነበር።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ላስቲኩ ሲቀደድ አፈሩ እንዳለ ከሥሩ ጋር ተያይዞ የሚወጣለት ችግኝ አለ፤ እንደተነካ የሚበተን ደግሞ አለ። የሚያያዘው በሥሩ ብቻ አይደለም፤ የፈንገሱ ክር የአፈርን ቅንጣት አስሮ ይይዛል። የሚበተነው ብዙውን ጊዜ ከአሸዋና ከቀይ አፈር ብቻ የተሞላው ነው። አብረውን የነበሩ ወጣቶች አፈሩን አራግፈው ሥሩን ብቻ ሊተክሉ ሲሉ አስቆምኳቸው። «አፈር እዚህ መች ጠፋ ጋሼ?» አለኝ አንዱ፣ ልክ ነው በሚያስብል ድምፅ። እዚያ ያለው አፈር ለአሥርተ ዓመታት ዛፍ ያልበቀለበት፣ ጎርፍ የላጠው ነበር። ፈንገስ ያለ ሥር ወዳጅ ብዙ አይቆይም።

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከዚህ በስተምዕራብ ነው። 705 ሄክታር ይሸፍናል፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የመሩት ሥፍራ ነው። አብዛኛው መሬት ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍን እየቀነሱ አገር በቀሉን መመለስ ሥራቸው ነው። ፕሮፌሰሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጽ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2009 ጨርሰዋል፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች። ከዕፅዋቱ ስር ላሉት ፈንገሶች እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም።

ባሕር ዛፍን በዚህ ጉዳይ መክሰስ አይቻልም፤ ለሌላው ይከሰስ። በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ይህ ዛፍ ሁለቱንም ዓይነት ፈንገስ ይቀበላል፤ የማይታየውንም፣ ጥላ የሚዘረጋውንም። ለዚህ ይመስለኛል የትም ቢጥሉት የማይቸግረው። የማይታየውን መቀበሉም ለአገር በቀሉ ይበጃል። በመናገሻ ሱባና በሙኔሳ ሻሸመኔ የተጠኑት የውጭ ዛፍ ተክሎች ስር ነባሮቹ ዛፎች በራሳቸው ሲበቅሉ ተመዝግቧል። ወፍ ፍሬውን ያመጣል፣ ጥላው ይጠብቀዋል። የፈንገሱ ክር ቀድሞ አፈሩ ውስጥ መቆየቱ ሦስተኛው ምክንያት ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ነቅሎ ዳገቱን ከማራቆት፣ እያሳሱ በስሩ መትከሉ ያዋጣል።

መናገሻ ካልኩ አይቀር፦ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እዚያው፣ ወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። ዘር ብቻ ነው ያመጡት፣ ወይስ ከነአፈሩ ችግኝ? የሚመልስልኝ ባገኝ ቡና እጋብዛለሁ።

ነሐሴ 4

ጠዋት ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ጆንያው ከእነሱ ይበልጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለእንጀራ ምጣድ የሚሆን እሳት ይሰጣል፤ ገዢ አለው። ፍልሰታ ስለሆነ ሳይበሉ ነው የሚሸከሙት።

ቅጠሉ ሲጠረግ አፈሩ ልብሱን ያጣል። ክሮቹ የሚበዙት በላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ዝናቡ መጀመሪያ የሚወስደውም ያንኑ ነው። ይህን የተናገርኩላት ጓደኛዬ ቆጣ አለች፤ «አንተ ስለ ፈንገሱ ታዝናለህ፣ እሷ ለልጇ እራት ትሸከማለች።» መልስ የለኝም። ኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ስለ ደን አፈር መናገር ይቀለዋል።

ነሐሴ 19

ከጎጃም፣ ከእንጅባራ አካባቢ እንግዳ ግብጦ ይዞልን መጣ። ምሬቱ እንዲወጣ ለቀናት ወራጅ ውሃ ውስጥ የሰነበተ፣ ጥሩ ቆሎ ነው። አረቄውንም አልረሳም።

ግብጦ ሌላውን በማያበቅለው የደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ገበሬው መሬቱን ያድሳል ይለዋል። እዚህ ላይ ደስ የሚል ተቃርኖ አለ። ግብጦ ከሥር ፈንገስ ጋር አይወዳጅም። ከባቄላና ከአተር ወገን ሆኖ ሳለ ይህን ውል ትቶታል። በምትኩ ፎስፈረስ ሲያንሰው በሥሩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የጥቃቅን ሥሮች ጉንጉን ያበቅልና ሎሚ ውስጥ የሚገኘውን አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ብረቱ የያዘውን ፎስፈረስ ያስለቅቃል። በየግቢው የምንተክለው ግራቪሊያም ተመሳሳይ ጉንጉን አለው፤ እሱም ከአውስትራሊያ የተራቆተ አፈር የመጣ ነው።

እንግዳዬ ይህን ሰምቶ፣ «እንግዲያ ብቻውን የሚኖር ነው በለኛ» አለ፤ ቀጥሎም «ለዚህ ነው የመረረው።» ሳቅን። ብቻውን ግን አይደለም፤ ናይትሮጅን የሚያመጡለት ባክቴሪያዎች ሥሩ ላይ አሉ።

ባክቴሪያዎቹን ካነሳሁ፦ ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለምስር የሚሆነው ሕያው ማዳበሪያ እዚሁ አገር ውስጥ ይመረታል፤ በፓኬት ታሽጎ ገበሬ ዘሩን ያሽበታል። ባክቴሪያ በጋን ውስጥ ሊራባ ስለሚችል ነው። የጥዱን ፈንገስ እንዲያ ማድረግ አይቻልም። ሕያው ሥር ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ራሱ ተክል መሆን አለበት። የእማማ የደን አፈር እስከ ዛሬ ያልተተካው ለዚህ ነው።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሰው ሞልቶ ዝናቡን ይጠብቃል። ልጆች ራቁታቸውን ሊታጠቡበት ተዘጋጅተው ደመናውን ያያሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ወረደ፤ ጩኸቱ እስከ ጳውሎስ ይሰማል።

የዕጣኑ ጭስ ከዝናቡ ሽታ ጋር ሲቀላቀል የዕጣን ዛፍ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ዛፍ በሰሜንና በምዕራብ ቆላ እየተመናመነ ነው፤ ትልልቆቹ ቆመው ሳለ የሚተካቸው ወጣት ዛፍ የለም። ሰደድ እሳት፣ ከብት፣ ከመጠን ያለፈ መድማት ይጠቀሳሉ። እምሩ ብርሃኔ የሚባሉ የመቀሌ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የዕጣን ችግኞችን ከፈንገስ ጋርና ያለ ፈንገስ አሳድገው፣ ውሃ መጣ ቀረ በሚልበት ሁኔታ ፈንገስ ያላቸው በውሃ አጠቃቀምም በእድገትም እንደሚበልጡ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። የቆላ ዝናብ ጠባዩ እንዲያ ነው፤ በጥሶ በጥሶ ይመጣል። በዚያች አጭር የእርጥበት ሰዓት ፈጥኖ መጠጣት የቻለ ይተርፋል።

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትምህርት ተጀምሯል። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የማይታየውን ላሳያቸው ፈለግሁ። የቤተ ሙከራችን ዕቃ የሚታወቅ ነው፤ ሁለት የሚሠሩ ማይክሮስኮፖች፣ ግማሽ ጠርሙስ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ። ለዚህ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሆርስት ፊርሃይሊግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ዘዴ የድሃ ትምህርት ቤት ወዳጅ ነው። የታጠበ ቀጭን ሥር በሃይድሮክሳይዱ ይቀቀላል፤ ሥጋው ጠርቶ መስተዋት ይሆናል። ከዚያ አቼቶ ውስጥ ትንሽ የብዕር ቀለም ተንጠባጥቦ ለሦስት ደቂቃ ያህል ይፈላበታል። አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ ሲታጠብ ቀለሙ ከሥሩ ይለቅና ፈንገሱ ላይ ይቀራል።

አቼቶው ከሱቅ፣ ቀለሙ ከእኔ መሳቢያ፣ ሥሮቹ ከተማሪዎቹ ጓሮ መጡ፤ በቆሎ፣ ሽንኩርትና ሐበሻ ጎመን። ክፍሉ የወጥ ቤት ሽታ ሸተተ።

በቆሎው ሥር ውስጥ ሰማያዊ ክሮች እንደ መንገድ ተዘርግተው፣ በየመካከላቸው ሞላላ ከረጢቶች ታዩ፤ ስብ የሚከማችባቸው ናቸው። ሽንኩርቱም እንደዚያው። ቁጥቋጦውን ለማየት ዓይናችንም ሌንሳችንም ደከመ፤ አንዲት ተማሪ ብቻ አየሁ አለች፣ ሥዕሏም አሳማኝ ነበር። ጎመኑ ባዶ ሆነ።

«ቲቸር፣ ጎመን ወዳጅ የለውም ማለት ነው?»

የለውም። የጎመን ወገን፣ ሰናፍጩም ጎመን ዘሩም፣ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረውን ጥምረት ጥሏል፤ ለዚህ የሚያስፈልጉት ዘረመሎችም ጠፍተውበታል። ቀይ ሥርና ቆስጣም አብረውት ናቸው። ሰላጣው ግን ከበቆሎው ጎራ ነው። በቀጨኔ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ጎን ለጎን የሚያለሙ ቤተሰቦች ልጆች ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ ለእነሱ ይህ ወሬ ነበር። እማማ ፍግ ለጎመን ነው ያሉትም ያለ ነገር አይደለም። ጎመን ምግቡን ራሱ ካጠገቡ መልቀም ስላለበት በቅርብ ብዙ እንዲቀርብለት ይወዳል።

ከችግኝ ጣቢያው ሁለት የጥድ ችግኝ ወስጄ ነበር፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ እሳቸው ቁጭ ይላል ያሉት ዓይነት ቢጫ። የጥድ ሥር ጥቁር ስለሆነ በፐርኦክሳይድ ማንጣት ግድ አለ። የአረንጓዴው ሥር በሰማያዊ ክር የተሞላ ነበር፤ በቢጫው ፈልገን ጥቂት ቁራጭ አገኘን። አንድ ለአንድ ማወዳደር ማስረጃ እንደማይሆን ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው፤ ሃያ ሃያ እናምጣ አሉኝ።

የዝግባ ችግኝ ደግሞ ያለ ማይክሮስኮፕ አስደነቃቸው። ሥሩ ላይ ተራ በተራ የተደረደሩ ጥቃቅን እብጠቶች አሉ። ፈንገሱ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን ዝግባ እብጠቱን ፈንገስ በሌለበት አፈርም ያበቅላል፤ ስለዚህ እብጠቱን ማየት ነዋሪውን ማየት አይደለም። ቀለሙና አቼቶው እዚህም ያስፈልጋሉ።

ጥቅምት 10

አንድ ተማሪ ከስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። እናት ዛፍ ልጆቿን በፈንገስ ገመድ ታጠባለች፣ ስትሞትም ሀብቷን ታወርሳለች ይላል። ሙዚቃው ያስለቅሳል።

ጥቂት እውነት አለበት። ሱዛን ሲማርድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 በ«ኔቸር» እንዳወጡት፣ በካናዳ ደን ምልክት የተደረገበት ካርበን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው አልፏል። በ2023 ግን ሦስት ተመራማሪዎች እስከዚያ የተሠራውን ሁሉ ሰብስበው መርምረው፣ በደን ውስጥ ስለሚዘረጋው ገመድ የሚወራው ከማስረጃው እጅግ እንደራቀ ጻፉ። ከሦስቱ አንዷ ሜላኒ ጆንስ ናት፤ በ1997ቱም ጽሑፍ ስሟ አለ። የራስን ዘመን ሥራ እንዲህ ፈትሾ መናገር የሚያስመሰግን ነው።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው፤ ዛፍ እናት ባይሆንም ነገሩ አይቀንስም። እዚያው ፊት ለፊታችን ያለው የጥድ ችግኝ ፈንገስ አግኝቶ ይለመልማል፣ አጥቶ ይቀጭጫል። ይህን በቀለምና በአቼቶ አይተናል። እናት ዛፏ ትቆየን።

ጥቅምት 25

ችግኝ ጣቢያ። በክረምቱ ከተተከሉት ስንቱ እንደያዘ እማማ ልጃቸውን ልከው አስቆጥረዋል፤ የደን አፈር ያልደረሰው መደብ ችግኞች ብዙ ደርቀዋል። አሁን ለሚቀጥለው ዓመት አፈር ከየት ይመጣል የሚለው ጭንቅ ነው። ከአሮጌው ጥድ ስር በየዓመቱ መዛቅ ያንኑ ጥድ ይጎዳል፤ ጠባቂዎቹም እንደ ድሮው አያስገቡም፤ ልክ ናቸው።

ሐሳቤን አቀረብኩ። ጥቂት ባልዲ የደን አፈር ብቻ በፈቃድ እንውሰድ፤ አንድ መደብ ላይ ከአሸዋ ጋር እንቀላቅልና ገብስ እንዝራበት። ገብስ የጥድን ፈንገሶች ሁሉ ባይቀበልም ብዙዎቹን በሥሩ ያሳድጋል። ዳር ዳሩን የጥድ ችግኝ እንተክላለን፣ ገብሱ የማይቀበለውን እሱ እንዲይዝ። ማዳበሪያ አይነካውም፤ ፎስፈረስ የጠገበ ተክል ፈንገሱን ከደጅ ይመልሰዋልና። ገብሱ ሲደርስ ታጭዶ ሥሩ ከነአፈሩ ይከተከትና በየላስቲኩ አንድ እፍኝ ይገባል። በሌሎች አገሮች በሽንኩርትና በበቆሎ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ እዚህ ግን በኅዳር ውርጭ በቆሎ አይቆምም።

እማማ በጥሞና ሰሙኝ።

«ገብሱን ማን ያጭዳል?»

«እናንተ።»

«እሸቱስ?»

«የእናንተ ነዋ፣ እማማ። እኔ የምፈልገው ሥሩን ነው።»

«ሥሩንማ ውሰድ» አሉና ወደ ሴቶቹ ዞሩ፤ ሦስተኛው መደብ ዛሬውኑ እንዲለቀቅ፣ ዘሩም ከሱሉልታ ገበያ ቅዳሜ እንዲገዛ አዘዙ።